መንገድ ሲሠራ ስለ አራዊት መተላለፊያ

መንገድ ለአገር ያለውን ጥቅም ለመናገር ብዙ ቃል አያሻም። ሐኪም ከድውይ፣ እህል ከገበያ የሚገናኘው በመንገድ ነው። ከውጭ ከምናስመጣውና ወደ ውጭ ከምንልከው ዕቃ ከ100 እጅ 90 የሚበልጠው በጅቡቲ በኩል ስለሚያልፍ፣ በአዋሽ አድርጎ ወደዚያ የሚወርደው ጐዳና ለአገራችን እንደ ጉሮሮ የሚቈጠር ነው። ዳሩ ግን ይኸው ጐዳና ሰውን ከሰው ሲያገናኝ አራዊትን ከአራዊት የሚለይ መሆኑን ልብ ያደረገው ጥቂት ነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1961 ዓ.ም. በሕግ ተከልሏል፤ ስፋቱም 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ጐዳናው ክልሉን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ፣ ሳላ የሚሰማራበት የኢላላ ሳላ ሜዳና የአዋሽ ወንዝ በስተ ደቡብ፣ የአጋዘን ሸለቆና የፈንታሌ ተራራ በስተ ሰሜን ይቀራሉ። ውሃ ወይም ልምላሜ ፍለጋ መሻገር የሚሻ እንስሳ ሌሊትና ቀን የማይቋረጠውን የከባድ መኪና ሰልፍ ጥሶ ማለፍ አለበት። በጐማ ተጨፍልቆ የቀረውን መንገደኛ ሁሉ ያየዋል፤ ያዝንለታልም። የባሰው ጉዳት ግን ዓይን የማያየው ነው፤ ይኸውም ጩኸቱንና መብራቱን ፈርቶ ከዳር የተመለሰው ነው። እንዲህ ያለው መንጋ ሳይሞት ይታሠራል፤ የሚግጠው ሣር ያልቅበታል፤ ከሌላው መንጋ ጋራ መገናኘት ስለሚያቅተውም በዝምድና እየተራባ ዘሩ ይደክማል።

ነገሩ መድኃኒት የሌለው አይደለም። በካናዳ አገር፣ ባንፍ በሚባለው ፓርክ፣ ጐዳናው ግራና ቀኙን ታጥሮ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1996 ወዲህ ደግሞ ሣርና ዛፍ የለበሱ ድልድዮች በላዩ ተሠርተውለት፣ በመኪና የሚገጩት ታላላቅ እንስሳት ከ100 እጅ 80 ያህል ቀንሰዋል። ድቡ መሻገሪያውን ለመልመድ ዓመታት ፈጅቶበታልና ፍሬውን በችኰላ መፈለግ አይገባም። ካናዳ ሩቅ ነው የሚል ቢኖር ጐረቤታችንን ኬንያን ይመልከት፤ ከናንዩኪ ወደ ሜሩ በሚወስደው ጐዳና ሥር በ2003 ዓ.ም. ለዝሆን መተላለፊያ ተከፍቶ፣ ዝሆኖቹ ብዙ ሳይቈዩ ያልፉበት ጀመር። በ2009 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሞምባሳና የናይሮቢ የባቡር ሐዲድም በጻቮ ምድር ሲያልፍ፣ አራዊት በሥሩ የሚሻገሩባቸው ቦታዎች ተለይተው ተሠርተውለታል።

በኛም አገር መሐንዲሱ ለጐርፍ ማሳለፊያ ድልድይ መሥራቱ አይቀርም። ያው ድልድይ ከፍና ሰፋ ተደርጎ አራዊት በለመዱት ፈለግ ላይ ቢውል፣ ሳላውም የከረዩና የአፋር ግመልም በሥሩ ያልፍ ነበር። ይህ ገና በንድፉ ሲታሰብ ወጪው ቀላል ነው፤ መንገዱ ካለቀ በኋላ አስፋልት ማፍረስን ይጠይቃል። አጥር ብቻውን መትከል ግን ይብስ መዝጋት እንጂ ማዳን አይደለም።

አራዊትና ሰው በአንዲት ዕለት፣ በዓርብ፣ መፈጠራቸውን ሊቃውንት አባቶቻችን ያስተምራሉ፤ በጐዳናው ዳር ያሉ ካህናት ይህን ለሾፌሮችም ቢነግሩ ደግ ነው። የመንገድ ሥራ ሹማምንት ግን ጨረታ ከመውጣቱ አስቀድሞ፣ በበጋም በክረምትም፣ ከፓርኩ ዘበኞችና ከአርብቶ አደር ሽማግሌዎች ጋራ ምድሩን በእግር ሄደው ፈለጉን በካርታው ላይ ያስፍሩ። እስከዚያውም ድረስ በአዋሽ ክልል በሌሊት የሚነዳ ሁሉ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ቁርጥ ያለ ትእዛዝ ይሰጥ።