የኋላ ስፖንዳም ጠባቂ ይሻል

የማኅበር ፒክአፕ ከሰንዳፋ እህል ጭኖ በካራ በኩል አዲስ አበባ ገብቶ፣ ገርጂ ወይም ቦሌ ሲያድር በሩ ይቆለፋል፤ የኋላ ስፖንዳው ግን ይረሳል። በብዙዎቹ አሮጌ ፒክአፖች ስፖንዳው በከፊል ወርዶ የጎን መያዣዎቹ ከተላቀቁ፣ ያለ መፍቻ ከማጠፊያው ተነሥቶ ይወጣል። ስፖንዳ በሌለው መኪና ደግሞ ማዳበሪያም ሆነ ምርጥ ዘር ተማምኖ መጫን አይቻልም።

ስለሆነም የሚነሣውን ማጠፊያ በብረት ፋሸታ አጥብቆ ማሰር፣ እጀታውን መቆለፍ፣ የሰሌዳ ቁጥሩን በስፖንዳው ላይ መቅረጽ፣ ሲያድርም የመኪናውን ጀርባ ወደ ግንብ አስጠግቶ ማቆም ያስፈልጋል። ኃላፊነቱ ለሾፌሩ ብቻ የሚተው አይደለም። ከሁሉም በላይ፣ ደረሰኝ የሌለው ስፖንዳ በርካሽ የሚገዛ ማኅበር የሌላው ማኅበር መኪና እንዲዘረፍ ገንዘብ እየከፈለ ሊሆን እንደሚችል መሪዎች ሊገነዘቡት ይገባል።