ስማችሁን በሰው መሬት ላይ አትትከሉ

በናይሮቢ ፓርክላንድስ ሠፈር በኢንቴሪየር ዲዛይንና በፊኒሺንግ ሥራ ለምትተዳደሩ የሙያ ወንድሞቼና እህቶቼ ይህን የምጽፍላችሁ ስጋት ዕረፍት ስለነሳኝ ነው። ሠፈራችን ዓይናችን እያየ ተለውጧል። በሰፊ ግቢ መካከል የነበሩት፣ የሸክላ ክዳን የለበሱት የድሮ የድንጋይ ቤቶች አንድ በአንድ እየፈረሱ በቦታቸው ረጃጅም አፓርታማዎች ቆመዋል፤ በየፎቁም ባዶ ግድግዳና ባዶ ወለል ተረክቦ የኪችን ካቢኔቱን፣ ቁም ሣጥኑንና ኮርኒሱን ማን ይሠራልኛል እያለ የሚጨነቅ ሰው አለ። ያ ሰው በቀድሞው ዘመን ጎረቤቱን ይጠይቅ ነበር፤ በቤተ መቅደሱና በመስጊዱ ደጅ፣ በዳይመንድ ፕላዛ ሱቆች መካከል ስማችን ከሰው ወደ ሰው እየተነገረ ይደርሰው ነበር። ዛሬ ከጎረቤቱ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስልኩን ነው፤ ጎረቤቱ ስማችንን ቢነግረው እንኳ የሰማውን የሚያጣራው በስልኩ ነው። በዚያች ሰዓት ምን እንደሚያገኝ ሳስብ እፈራለሁ።

ብዙዎቻችን ዕቃችንን የዘረጋንበት ቦታ የሌላ ሰው ነው። የዓመታት ሥራችንን ሁሉ በፌስቡክና በኢንስታግራም ላይ ደርድረን፣ ደንበኛውን በዋትስአፕ እየተቀበልን፣ ኪራይ የሚጠይቀን ስለጠፋ ባለርስት የሆንን መስሎን ተቀምጠናል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ሦስቱም በአንድ ጊዜ ተቋርጠው ለስድስት ሰዓት ያህል ሲጠፉ ነገሩ በአንድ ቀን አለፈና ተረሳ። በአገራችን በኢትዮጵያ የሆነው ግን ሊረሳ አይገባውም። ከፌብሩዋሪ 2023 ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ሲዘጉ፣ ከቴሌግራም ቻናል በቀር ሱቅ ያልነበረው የአዲስ አበባ ነጋዴ ቪፒኤን ከማያውቀው ደንበኛው ጋር ተቆራርጦ ከረመ። ማይስፔስ የተባለው፣ በዘመኑ ማንም የማይደፍረው የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅት ደግሞ በ2019 ከሦስት ዓመት በላይ የቆየው ፎቶ፣ ቪዲዮና ሙዚቃ በሰርቨር ዝውውር ምክንያት መጥፋቱን አስታወቀ፤ ዕቃውን በአደራ ያስቀመጠ ሁሉ የሚያቀርበው አቤቱታ እንጂ የሚቀበለው ምላሽ አልነበረውም።

የራሱን ድረ ገጽ ያሠራም ሁሉ ዳነ አልላችሁም። አንድ የሙያ ባልደረባችን ገጻቸውን አንድ ጎበዝ ወጣት ሠራላቸው፤ ዶሜይኑን፣ ማለትም የገጹን አድራሻ፣ በራሱ ኢሜይል አስመዘገበው። ወጣቱ ወደ ውጭ ሄደ፤ በየዓመቱ የሚላከው የእድሳት ማሳሰቢያ ማንም በማይከፍተው ኢሜይል ውስጥ ተከማቸ፤ ጊዜው አለፈና ገጹ ወረደ። በመኪናቸው ጎን የተጻፈው፣ በሠሯቸው ካቢኔቶች በር ውስጠኛ ገጽ ላይ የተለጠፈው አድራሻ የትም የማያደርስ ሆነ። ሥራ አቁመዋል የሚል ወሬ ነገሠ፤ እሳቸውም ወርክሾፓቸው ውስጥ መጋዛቸው እየጮኸ እንደሌሉ ተቆጠሩ። የኬንያን ዶሜይኖች የሚያስተዳድረው ኬኒክ ባለቤት ብሎ የሚያውቀው የተመዘገበውን ሰው ነው፤ ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደወጣ መዝገቡ አይናገርም።

ከዚህም የሚከፋ አለ፤ እርሱም በሌላ ሰው ሥራ መታየት ነው። ከፒንተረስት የተወሰደ ሳሎን በገጻችን ላይ እንለጥፍና ሥራችን ነው እንላለን፣ ወይም እንዲህ ሳንል ሰው እንዲመስለው እንተዋለን። ደንበኛው ግን ዓይን አለው። በፎቶው መስኮት ማዶ በረዶ የተከመረበት ጣሪያ ይታየዋል፤ ከመስኮቱ ሥር ናይሮቢ ውስጥ ማንም የማያስገባው የቤት ማሞቂያ ብረት አለ፤ በግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት የኬንያው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ሳይሆን ሁለት ክብ ቀዳዳ ያለው ነው። ይህን ያየ ሰው አይጣላንም፣ አይከሰንም፤ ገጹን ዘግቶ ይሄዳል፣ እኛም ለምን እንደሄደ ሳናውቅ ገበያው ቀዘቀዘ እያልን እንኖራለን። የደንበኛን ቤት፣ በተለይም ቤተሰቡን ሳያስፈቅድ አንስቶ የሚለጥፍ ደግሞ የ2019ኙን የኬንያ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ይጋፈጣል፤ በ2023 አንድ የናይሮቢ መዝናኛ ቤት የእንግዳውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በመለጠፉ 1.85 ሚሊዮን ሽልንግ መቀጣቱን ማስታወስ ይበቃል።

ጌጥ ብቻ የሆነ ገጽም ዕድሜ የለውም። ፍላሽ በተባለው የአዶቢ ፕሮግራም የተሠሩ የአርክቴክቶችና የዲዛይነሮች ገጾች እንዴት ያስደንቁ እንደነበር የምናስታውስ አለን፤ በሩ በራሱ ይከፈታል፣ ሙዚቃው ይሰማል፣ ክፍሉ ይሽከረከራል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው አይፎን አልከፍትም አላቸው፤ አዶቢ በ2020 መጨረሻ ፍላሽን ሲያቆም ሳይቀየሩ የቀሩት ባዶ ሆነው ቀሩ። ዛሬም ከካሜራ እንደወጣ ያልተቀነሰ ከባድ ፎቶ እየጫንን ያንኑ ጥፋት በሌላ መንገድ እየደገምነው ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት መሠረት በስልክ ሲከፈት ከሦስት ሰከንድ በላይ የሚዘገይን ገጽ 53 በመቶው ጎብኚ ትቶት ይሄዳል፤ ዳታውን በሽልንግ የሚገዛ ደንበኛማ ምን ያህል ይታገሠናል?

ወገኖቼ፣ ጊዜው አላለፈም። ዶሜይናችሁ በማን ስም እንደተመዘገበ ዛሬ ጠይቁ፤ በድርጅታችሁ ስም አዙሩት፣ የይለፍ ቃሉንም ከአንድ በላይ የምታምኑት ሰው ይወቀው። የእናንተ ያልሆነውን ፎቶ ሁሉ አውርዱ። በራሳችሁ እጅ የሠራችሁት ኩሽና ሦስት ብቻ ቢሆን ሦስቱን፣ ባለቤቶቹን አስፈቅዳችሁ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ አንሱ፤ በምን እንጨት፣ በስንት ሳምንት፣ ከምን ያህል ዋጋ ጀምሮ እንደምትሠሩ በግልጽ ጻፉ፤ ስልካችሁንና ወርክሾፓችሁ የሚገኝበትን መንገድ ከላይ አስቀምጡ። ፌስቡኩንና ኢንስታግራሙን አትተዉ፤ ወደ ራሳችሁ ደጅ የሚያመጡ መንገዶች አድርጓቸው እንጂ መኖሪያ አታድርጓቸው። ከእኛ በኋላ ወርክሾፑን የሚረከቡ ልጆች መጋዝና መዶሻ ብቻ ወርሰው እንዳይቀሩ፣ ሰው ፈልጎ የሚያገኘውና አይቶ የሚያምነው ስም የማቆየት ዕዳ የእኛ ነው፤ ዕዳውንም መክፈል የምንችለው ስሙ ገና በእጃችን ሳለ ነው።