የጆሮ መለያው ከሰንጋ በፊት ለላም

በሬድዮ ሞገድ የሚነበብ የእንስሳት መለያ በተነሳ ቁጥር ደጋግሞ የሚሰማ አስተያየት አለ፦ ለውጭ ገበያ ለሚቀርብ ሰንጋ እንጂ ሁለት ሦስት ላም ላለው ገበሬ ቅንጦት ነው የሚል። አስተያየቱ መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ሲቀሰቀስ፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ የሚገባውን የቁም ከብት አግደው ነበር። የከብቱን መነሻ ማስረዳት የሚችል ሻጭ በእንዲህ ያለ ጊዜ እንደሚጠቀም አያከራክርም። ድምዳሜው ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል።

ቴክኖሎጂው ራሱ የንግድ ልጅ ብቻ አይደለም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካው ሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ከብት ላይ ሲሞክረው፣ መለያው ከቁጥሩ ጋር የሰውነት ሙቀትንም እንዲያስተላልፍ ታስቦ ነበር። ዛሬ በጆሮ ላይ የሚደረገው መለያ ባትሪ የለውም፤ ማንበቢያው በ134.2 ኪሎኸርዝ በሚልከው ሞገድ ኃይል አግኝቶ ባለ15 አሃዝ ቁጥር ይመልሳል። ሥራው ይኸው ነው። አፍተግርን አያስቆምም፤ በበሽታ የተዘጋ ገበያንም ብቻውን አያስከፍትም።

ታዲያ ቁጥሩ ይበልጥ የሚጠቅመው የት ነው? ሰንጋ ማድለቢያ ውስጥ ጥቂት ወራት ቆይቶ ይሸኛል። የወተት ላም ግን ለዓመታት ትታለባለች፣ ትወልዳለች፤ ታሪኳ ለልጇም ያስፈልጋል። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ቦረናን ከፍሪዥያንና ከጀርሲ አዳቅሎ ውጤቱን ማወዳደር የቻለው የእያንዳንዷ ጥጃ እናትና አባት ስለተመዘገቡ ነው። ከማዕከሉ አጥር ውጭ፣ በሆለታም በሰበታም በሱሉልታም፣ ላሟ ቡሬ ወይም ዳለቻ ትባላለች፤ ስትሸጥ ስሟም ታሪኳም ከሻጩ ጋር ይቀራል።

የማዳቀል ባለሙያው የሚይዘውን ቀጭን የዘር ቱቦ እንመልከት። የኮርማው መለያ ላዩ ላይ ታትሟል። በላሟ በኩል ግን ብዙ ጊዜ የሚያጣቅሰው ቁጥር የለም። ጊደሯ ኮርማ ስትፈልግ የአባቷ ዘር ተመልሶ ቢሰጣት ማን ያስተውላል? ከአባትና ከልጅ የሚወለድ ጥጃ የዝምድና ማዳቀል መጠኑ 25 በመቶ ይደርሳል፤ ኪሳራው በወተትም፣ በመራባት አቅምም፣ በጥጃ ሞትም ይታያል።

«ተራው የፕላስቲክ ቁጥር አይበቃም ወይ?» ለሚል፣ ከምንም ይሻላል እላለሁ። ነገር ግን ፕላስቲኩ ይቆሽሻል፣ ይደበዝዛል፤ በእጅ ሲገለበጥም አንድ አሃዝ ቢሳሳት ላሟ ሌላ ላም ትሆናለች። ወጪውም ቢሆን ገበሬው ሁሉ ማንበቢያ ይግዛ ማለት አይደለም፤ አንዱን ማንበቢያ የማዳቀል ባለሙያው ይዞ በየደጁ ይዞራል።

አንድ ነገር ግን ለተቃራኒው ወገን እተዋለሁ፦ መዝገብ ከሌለው መለያው ጉትቻ ነው። ስለዚህ ግዢው መዝገቡን ይከተል፤ መጀመሪያም በሰው ሠራሽ ዘዴ የተወለዱ ጊደሮች ይመዝገቡ። የወተት ላሞችን መመዝገብ የለመደ ወረዳ ሰንጋውን ለመመዝገብ አይቸገርም።