የፊት ቅባትና የወር ደመወዝ

ባለፈው ወር መጨረሻ አንዲት የማውቃት ወጣት ልትጠይቀኝ ወደ ቤቴ መጥታ ነበር። ትምህርቷን ጨርሳ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ከያዘች ገና አራት ወሯ ነው። ቡና ተፈልቶ ስንጨዋወት ከቦርሳዋ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አውጥታ በኩራት አሳየችኝ፤ ክዳኗ እንደ ወርቅ ያበራል። ዋጋዋን ብጠይቃት ዓይኗን ወደ መሬት ሰብራ «የደመወዜን እኩሌታ» አለችኝ። የቤት ኪራዩን ለመሙላትም ከባልደረባዋ ተበድራለች። አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ነገሩ የእርሷ ብቻ ሳይሆን የብዙዎቻችሁ መሆኑን ስለማውቅ ለዛሬው ዓምዴ መነሻ አደረግሁት።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናገር። ፊትን መንከባከብና አምሮ መታየት ነውር አይደለም። እናቶቻችን ጠጕራቸውን ቅቤ ሲቀቡ፣ ዓይናቸውን ሲኳሉ፣ እጃቸውን እንሶስላ ሲሞቁ ኖረዋል። ጥያቄው መዋብ ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ሳይሆን፣ ለምኑ ነው ገንዘብ የምንከፍለው የሚል ነው።

የውጭ አገሩ ቅባት እንዴት እንደተወደደ ሁላችሁም አይታችኋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ የውጭ ምንዛሪ እንዳይገቡ ሲያግድ ሽቶና መኳኳያም ከታገዱት መካከል ነበሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ያ እገዳ ተነሣ፤ ዳሩ ግን 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እንግዲህ ዕቃው ወደ ሱቅ ቢመለስም ከትንሽ ደመወዝተኛ እጅ ይበልጥ ራቀ።

ለመሆኑ ቆዳ የሚፈልገው ምንድን ነው? ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ንጽሕና፣ እርጥበትና ከፀሐይ መጠበቅ። ለንጽሕናው ቆዳን የማያቃጥል ለስላሳ ሳሙናና ውሃ ይበቃል። ለእርጥበቱ ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ሁለት ርካሽ ነገሮች አሉ። ግሊሰሪን ውሃን ወደ ቆዳ ይስባል። እ.ኤ.አ. በ1872 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት የወጣለት ቫዝሊን ደግሞ ያለው ውሃ ተንኖ እንዳይጠፋ ይከድነዋል። ምሥጢሩ ያለው በአቀባቡ ነው፤ ፊታችሁን ታጥባችሁ ሙልጭ አድርጋችሁ ሳታደርቁ፣ ገና ርጥብ ሳለ በስሱ መቀባት። ቡጉር የሚያስቸግራችሁ ግን ከባዱን ቅባት ትታችሁ ቀለል ያለውን ሎሽን ምረጡ።

«ታዲያ ውዱ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ሌላ አይደለምን?» ትሉኝ ይሆናል። ከብልቃጡ ጀርባ የተጻፈውን አንብቡ። በደንቡ መሠረት በብዛት ያለው በመጀመሪያ፣ ጥቂት ያለው በመጨረሻ ይጻፋል። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የምታገኙት ውሃ ነው፤ ግሊሰሪንም ብዙ አይርቅም። ላንኮምን የሚሸጠው የፈረንሳዩ ሎሬያል፣ ሜይቤሊንንም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የያዘው እርሱ ራሱ ነው። አንድ ቤት ለባለጠጋውም ለደመወዝተኛውም ይሠራል ማለት ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው አልልም፤ ነገር ግን ከምትከፍሉት ብዙው ለመዓዛው፣ ለብልቃጡና ለስሙ እንደሚሄድ እወቁ። ደግሞም ሁልጊዜ ዋጋውን ለሚሊ ሊትሩ አካፍሉ፤ ባለ 30 ሚሊ ሊትሩን ከባለ 250ው ጋር የሚያስተያየው ይህ ሂሳብ ብቻ ነው።

ይሁንና ርካሽ የሆነ ሁሉ ደግ አይደለም። ያቺው ወጣት ወደ መጨረሻው ከቦርሳዋ ሌላ ቆርቆሮ አወጣች። «ይኸኛውን ከመንገድ ላይ በጥቂት ብር ገዛሁት፤ በሰባት ቀን ያቀላል ብለውኝ ነው» አለች። ስሙ እንጂ ሠሪው፣ በውስጡ ያለው፣ የሚያበቃበትም ቀን አልተጻፈበትም። ጉንጯን ጠጋ ብዬ ባይ ሳስቶ ቀልቷል፤ ፀሐይ ሲነካትም ያቃጥላታል። ያን ጊዜ ስለ ውዱ ብልቃጥ ማዘኔን ተውሁ፤ ውዱ የጎዳው ኪሷን ነበር፣ ይኸኛው ግን ገላዋን ነው።

ከሚያቀሉ ቅባቶች አንዳንዶቹ ባዜቃ ወይም ሜርኩሪ አለባቸው፤ ይህም በቆዳ ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል። ጦሱ ለቤተሰብም ይተርፋል። ሌሎቹ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚወሰድ ጠንካራ ስቴሮይድ አለባቸው፤ ቆዳን ያሳሳሉ፣ በድንገት ሲተዋቸውም ፊት ይቆጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን የጀመረ ሰው ቆርቆሮውን ይዞ ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂድ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላልና፣ ሠሪው ያልታወቀ ቅባት በነጻ ቢሰጣችሁም አትቀበሉ። ከቤት የሚገኘውም ቢሆን ሁሉ አይስማማም፤ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን አቃጥሎ ያጠቁራል።

ገንዘብ ካላችሁ የምታወጡት ለፀሐይ መከላከያው ይሁን። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር ጎጂው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ማድያትንም የሚያብሰው ፀሐይ ነው። ኤስ ፒ ኤፍ 30 የሆነው ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ 50 የሆነው 98 በመቶ። ለአንዷ መቶኛ ብላችሁ እጥፍ አትክፈሉ። እርሱም ካልተቻለ የእናቶቻችን ጃንጥላ አለ፤ አንዴ ከተገዛ ዓመታት ያገለግላል። አዲስ የምትገዙትን ማናቸውንም ቅባት በክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ቀብታችሁ ሁለት ቀን ሳትጠብቁ ፊታችሁን አታስነኩት።

ወጣቷ ያን ዕለት ቆርቆሮውን ይዛ ሐኪም ዘንድ ልትሄድ ቃል ገብታልኝ ሄደች። በሚቀጥለው ሳምንት ስልክ ደውላ መሄዷን ነገረችኝ። ብልቃጧንስ ብላት ስቃ፣ «እስክታልቅ እቀባታለሁ፤ ዕዳዋ ግን ከእርሷ በኋላም ይቆያል» አለችኝ። እናንተም ደመወዝ ስትቀበሉ ይህቺን ቃል አስቡ። ከመስተዋት ፊት የምትቆሙት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከዕዳ ጋር ግን ወር ሙሉ ትኖራላችሁ።