ልቡ ምን ይላል?

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ አበው። ምክሩ ለፈረሰኛው ነው፤ ውጊያው የራስህ ነው፣ በፈረስህ ብቻ አትመካ ማለታቸው ነው። የዘመናችንን የፈረስ ስፖርት ስመለከት ግን ተረቱ ሌላ ጥያቄ ያስነሣብኛል፦ ያ የሚያደርሰው ፍጡር መድከሙን በማን አንደበት ይናገር?

አንደበት ባይኖረውም አካሉ ይናገራል። ሲያርፍ በደቂቃ ከ30 እስከ 40 ጊዜ ያህል የሚመታው ልቡ፣ ሽምጥ ሲጋልብ ከ200 በላይ ይመታል። ጣፊያው ያከማቸውን ቀይ የደም ሴል ወደ ደም ሥር ይለቃል፤ ደሙም ኦክስጅን የመሸከም ዐቅሙ ይጨምራል። በግልቢያ ጊዜ ትንፋሹ ከእግሩ ጋር ይጣመራል፤ ለአንድ ዝላይ አንድ ትንፋሽ። ያም ትንፋሽ በአፍንጫው ብቻ የሚያልፍ ነው፤ ፈረስ እንደ እኛ በአፉ አያለከልክም።

ይህን የአካል ቋንቋ ለማንበብ ሐኪሞች ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ ፈረሱን ያስሮጡታል። የልቡን ምት ይቆጥራሉ፤ ጥቂት ደም ቀድተው የላክቴቱን መጠን ይለካሉ። በልምምድ የበረታ ፈረስ በዚያው ፍጥነት ልቡ ቀስ ብሎ ይመታል፤ ላክቴቱም ዘግይቶ ይጠራቀማል። ባለቤቱም ቁጥሩን አይቶ ደስ ይለዋል።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ልብና ጡንቻ ፈጥነው ሲበረቱ አጥንትና ጅማት ከኋላ ቀስ ብለው ይከተላሉ። ልቡ «እችላለሁ» ባለበት ቀን ጅማቱ «ገና ነኝ» ሊል ይችላል። ቁጥሩ አልዋሸም፤ እኛ ግን የሰማነው ግማሹን ነው።

ስለዚህ ምርመራን የማከብረው ፈረሱን ለማስቆም ሲያገለግል ነው። ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በካሊፎርኒያ የሚታወቀው ቴቪስ ካፕ፣ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተራራማ መንገድ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚቋረጥበት ግልቢያ ነው። በየጣቢያው ሐኪም ልቡን ያዳምጣል፤ በሶምሶማ አስሮጦ እግሩን ያያል፤ ያልቻለው እዚያው ይቀራል። የመጨረሻውን መስመር ያለፈውም ቢሆን፣ ገና መቀጠል የሚችል መሆኑ ካልተረጋገጠ ጨረሰ አይባልም።

ሕግ መኖሩ ብቻውን ግን አይበቃም። በ2015 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶችን ፌዴሬሽን ለወራት አግዶ ነበር፤ ምክንያቱም በረጅም ርቀት ግልቢያ የፈረሶች ደኅንነት ስላሳሰበው ነው። የልብ ማዳመጫ በማይታጣበት ስፖርት ይህ መድረሱ፣ ጉድለቱ ከመሣሪያ እንዳልሆነ ይነግረናል።

እኛ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው እያልን በፈረስ ስማቸው የምናወድስ ሕዝብ ነን። በፈረሱ ስም መጠራት ክብር ከሆነ ድካሙን መስማት ደግሞ ዕዳ ነው። ፈረስ ያደርሳል፤ የት ላይ መቆም እንዳለበት የሚወስነው ግን ልጓሙን የያዘው ሰው ነው።