ከ«የለም» በፊት

አንባቢዎች ሆይ፤ አንድ ባለጉዳይ «ፋይልህ የለም» ተብሎ ከተመለሰ በኋላ ነገሩ ሲጣራ፣ ጸሐፊው ይህን ያለው መዝገብ ቤቱን ተዘግቶ ስላገኘው ብቻ መሆኑ ቢታወቅ ምን ትላላችሁ? ጸሐፊው አልፈለገም፤ አላየም፤ ዳሩ ግን «የለም» ብሎ ፈረደ። ይህን የመሰለ ስሕተት በኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥም ይገኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኢንተርኔት ላይ አንዱ ኮምፒዩተር ሌላውን የሚያገኘው በቁጥር ነው፤ ይኸውም 192.0.2.10 እንደሚለው ያለ የአይፒ አድራሻ ነው። ሰው ግን ቁጥር ከመያዝ ስም መያዝ ይቀለዋልና፣ ለስሙ ቁጥሩን የሚያመለክት መዝገብ አስፈለገ። ቀድሞ በአሜሪካ አርፓኔት በተባለው መረብ ላይ የነበሩት ኮምፒዩተሮች ጥቂት ስለነበሩ፣ ስማቸው ሁሉ በአንድ ፋይል ተጽፎ በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም፣ ኤልሳቤት ፋይንለር በምትመራው ክፍል ይጠበቅ ነበር። ኮምፒዩተሮቹ እየበዙ ሲሄዱ አንዱ ፋይል አልበቃም። ስለዚህ ፖል ሞካፔትሪስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. መዝገቡ ለብዙ አገልጋዮች ተከፋፍሎ የሚያዝበትን፣ ዲኤንኤስ የተባለውን ሥርዓት አወጣ። በ«ኢቲ» የሚጨርሱት የአገራችን ስሞችም የሚገኙት በዚሁ ሥርዓት ነው።

በሲ ቋንቋ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ይህን መዝገብ የሚጠይቀው «ጌትአድርኢንፎ» በተባለው ፈንክሽን ነው። መልሱ 0 ከሆነ ጥያቄው ተሳክቷል፤ አድራሻዎቹም ተራ በተራ ተዘርዝረው ይመጣሉ። 0 ካልሆነ ግን የመልሱ ቁጥር ምክንያቱን ይናገራል። «ኢኤአይ ኖኔም» ቢል ስሙ ተፈልጎ አልተገኘም ማለት ነው። «ኢኤአይ አጌይን» ቢል ደግሞ መዝገቡን ለጊዜው መጠየቅ አልተቻለምና ቆይተህ ሞክር ማለት ነው።

እንግዲህ ሰነፉ ፕሮግራም ጸሐፊ ሁለቱን አንድ ያደርግና «እንዲህ ያለ ስም የለም» ብሎ ያውጃል። ስሙን በትክክል የጻፈው ሰው በራሱ ላይ ይጠራጠራል፤ ፊደሉን ደጋግሞ ያርማል፤ በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። የተበላሸው ግን መስመሩ እንጂ ስሙ አልነበረም።

ጠንቃቃው እንዲህ አያደርግም። ጥቂት ቆይቶ ዳግመኛ ይጠይቃል፤ ካልሆነለትም «መዝገቡን ማግኘት አልቻልሁም» ብሎ እውነቱን ይናገራል። አድራሻዎቹ በመጡለት ጊዜም የመጀመሪያው ባይመልስ ሁለተኛውን፣ ሁለተኛው ባይመልስ ሦስተኛውን ያንኳኳል፤ አንድ ስም ብዙ አድራሻ ሊኖረው ይችላልና። ሲጨርስም ዝርዝሩ የያዘውን ቦታ «ፍሪአድርኢንፎ» በተባለው ፈንክሽን ይለቃል።

ተማሪም ሆናችሁ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ይህን ልብ በሉ፤ «የለም» ፈልጎ ላጣ ሰው የተፈቀደ ቃል ነው። መፈለግ ላልቻለ ሰው የሚገባው «ገና አላወቅሁም» ማለት ነው።