አጥንቱን ጥለን ኩቡን እንገዛለን

በበዓል ማግስት በሰፈር ቆሻሻ ገንዳ በኩል ያለፈ ሰው የምለውን ያውቃል። በስንት ብር የተገዛው ዶሮ አጥንት፣ ሥጋው በቅጡ ሳይለቅም፣ ውሾች ይራኮቱበታል። ያው ቤተሰብ ሳምንት ሳይሞላ ልጅ ሱቅ ልኮ የዶሮ ጣዕም ያለው የሾርባ ኩብ ያስገዛል። ኩቡ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ጨውና ጣዕም ማጉያ ነው። ዶሮውን ጥለን ሽታውን ገዛን ማለት ነው።

ዶሮን በ12 ብልት ከፍሎ ለእያንዳንዱ ባለድርሻ የሚመድብ ሕዝብ እንዲህ ማባከን ከየት እንደለመደ እንጃ። በእኔ ግምት ጥፋቱ የሁለት አመለካከቶች ነው። አንደኛው "ሾርባ የበሽተኛ ነው" የሚለው ነው። በረመዳን ማፍጠሪያ ሾርባ የማይጠፋባቸው ቤቶች በዚህ ይስቁብናል። ሁለተኛው ያደረ ምግብ ማፈር ነው፤ ይህን የሚለው ደግሞ ጠዋት ፍርፍር በልቶ የወጣ ሰው ነው!

አሁን ብዙ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ስሎው ኩከር ይዞ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ የሚያበስለውን የኤሌክትሪክ ድስት ማለቴ ነው። አብዛኛው ቁምሳጥን ላይ አቧራ ይጠጣል። "መብራት ይበላል" ይባላል። እስቲ እናስላው፦ 250 ዋት የሚወስድ ድስት 8 ሰዓት ቢሠራ 2 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ይህንኑ በ35 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየጊዜው እየጨመረ ባለበት ወቅት ይህ ስሌት ቀላል አይደለም። ድስቱ የሌለው በሸክላ ድስት፣ በለዘብተኛ የከሰል እሳት ያንኑ ያገኛል።

አሠራሩ ይህን ያህል ነው። የአሮስቶ ወይም የቅቅል ዶሮ ትራፊ ሥጋውን ከአጥንቱ ለዩና ሥጋውን ፍሪጅ አስገቡ። (የዶሮ ወጥ ትራፊ ለዚህ አይሆንም፤ በርበሬው ሁሉን ይውጠዋል፣ እሱ ለፍርፍር ይሁን።) አጥንቱን በ2 ሊትር ውሃ ከሽንኩርት፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጋር መጀመሪያ ምድጃ ላይ አፍሉት። ቀዝቃዛ ትራፊ በቀጥታ ስሎው ኩከር ውስጥ አይገባም፤ ድስቱ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ለባክቴሪያ ጊዜ ይሰጣል። ከፈላ በኋላ ወደ ድስቱ ገልብጡትና 6 ወይም 8 ሰዓት ተዉት። አጥልሉት፣ ድንች ጨምሩ። ድንቹ ሲበስል ሥጋውን መልሱ። ወተት መጨረሻው ግማሽ ሰዓት ላይ ብቻ ይገባል፣ 2 ማንኪያ ዱቄት ተበጥብጦበት፤ ከጠዋት ጀምሮ ከገባ ይቋጥራል። ክሬም ፍለጋ ሱፐርማርኬት መዞር አያስፈልግም። በዱቄት ፈንታ አጃ የሚያደርግ ካለ እኔ ከእሱ ወገን ነኝ።

መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ያላችሁ ቤት በምትውሉበት ቀን ሥሩት። ሲጠፋ ወዲያው ወደ ጋዝ ወይም ከሰል አዙሩት። ወጥታችሁ ስትመለሱ ለስንት ሰዓት እንደጠፋ ካላወቃችሁ ግን ድፉት፤ ያኔ ቁጠባ የለም።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። ብሩ ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ኑሮ ስለከበደው ሰው ሲጠየቅ "ቆጥባችሁ ኑሩ" የሚል ባለሥልጣን ይህን ጽሑፍ እንዲያነብልኝ አልፈልግም። አጥንት ቀቅሎ መጠጣት የቤተሰብ ብልሃት እንጂ የኢኮኖሚ ፖሊሲ አይደለም። ዶሮውን ጭራሽ መግዛት ላልቻለው ቤት የማወራለት አጥንትም የለም፤ የእሱን ጥያቄ መመለስ ያለበት ሌላ አካል ነው።

ለጿሚዎች፦ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ጊዜ አላችሁ። ገና ሐሙስ ከዋለ ግን ማግስቱ ጾም ነው፤ አጥንቱን በዚያው ምሽት ፍሪዘር አስገቡት።